መንግሥት ያጸደቀው ኪኒን እናቴን ለምን ያስላታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከኮቺ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ግፊት አለብሽ ተብላ ኤናላፕሪል የሚባል ኪኒን ጀመረች። ግፊቷ ወረደ፣ እሰየው አልን። ወር ሳይሞላት ግን ሳል ያዛት። ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ የለው ምን የለው። ማታ ማታ ይብስባታል፤ እሷም አትተኛ፣ እኛም አንተኛ። ሽሮፕ ጠጣች፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ዝንጅብል በማር አፈላንላት። ወይ ፍንክች! በኋላ ነርስ የሆነች የጎረቤት ልጅ «ኪኒኑ ይሆናል» አለችን። ስልኬ ላይ ሳነብ እውነትም ያስላል ይላል። በጣም ተናደድኩ። መንግሥት መርምሮ አጽድቆታል ይባላል፤ ታዲያ ሰው የሚያስል ነገር እንዴት ያጸድቃሉ? እናቴ አሁን «ሁለተኛ አልውጥም» ብላ ኪኒኑን ቁም ሳጥን ላይ ወርውራዋለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ዶክተር ሳልሆን ፋርማሲስት ነኝ። ጅማ ውስጥ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ለምጄዋለሁ። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ ያስፈልግሻል፤ መድኃኒቱን የሚቀይርላቸው ሐኪም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከሳሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ቁም ሳጥን ላይ የተወረወረው ኪኒን ነው። ይህ ሳል ያሰለቻል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ግን አይገድልም። የተተወ ግፊት ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ስትሮክ ያመጣል፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ እናትሽን ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ውሰጂያቸው። ኪኒኑንም ያዥ። «ያስላቸዋል» ብለሽ አትለፊ፤ መቼ እንደጀመሩት፣ ሳሉ መቼ እንደመጣ፣ መዋጥ ካቆሙ ስንት ቀን እንደሆናቸው ተናገሪ። እስከዚያው የጎረቤት ኪኒን እንዳትዋሱ። ይሄ ሰፈራችን በደንብ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው የምለው።

ምትክ አለ። ሎሳርታን ለተመሳሳይ ዓላማ ይሰጣል፣ ሳል ግን እምብዛም አያመጣም። አምሎዲፒንም አለ፤ እሱ ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሌላ የንዴት ደብዳቤ እንዳትጽፊልኝ ከወዲሁ ነግሬሻለሁ።

ኤናላፕሪሉ ከቆመ በኋላ ሳሉ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። አንዳንዴ እስከ 3 ወር ይቆያል። ካልጠፋ ሁሉንም በኪኒኑ ላይ አናላክክ። በእኛ አገር ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ኤናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ኪኒኑን አቁሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለምን ያስላል? ኤናላፕሪል የደም ሥርን የሚያጠብብ ንጥረ ነገር እንዳይመረት አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ያው ኢንዛይም ብራዲኪኒን የሚባል ሌላ ነገርም ያፈርስ ነበር። ሲታገድ ብራዲኪኒኑ ይከማችና የአየር ቧንቧን ይኮረኩራል። ለዚህ ነው ሽሮፑም አንቲባዮቲኩም ያልሠራው። (የዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ የመጀመሪያው ኪኒን ካፕቶፕሪል የተገኘው በብራዚል እባብ መርዝ ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ይህን ለእናትሽ አትንገሪያቸው።)

አሁን ወደ ንዴትሽ ልምጣ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን መድኃኒት ሲመዘግብ አምራቹ ያቀረበውን የጥናት ሰነድ ያያል፣ የፋብሪካውን አሠራርና የመድኃኒቱን ጥራት ይገመግማል። «ይህ ኪኒን ማንንም አይነካም» ብሎ አይፈርምም። እንዲህ ከተባለ ፓራሲታሞልም አያልፍም። የሚመዘነው ለታዘዘለት ሕመም ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። በኤናላፕሪል ጉዳይ መልሱ አዎ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስለው ግፊቱ ይወርድለታል።

ሌላም አለ። መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚሞከረው ባብዛኛው በጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ነው። ከ10,000 ሰው አንዱን ብቻ የሚጎዳ ነገር 3,000 ሰው ላይ ሲሞከር ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የሳሉም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካፕቶፕሪል አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ሳሉን ብዙም ልብ ያለው አልነበረም። ሰው ሁሉ ይስላል፣ ማን ከግፊት ኪኒን ጋር ያያይዘዋል? ብዙ ሕዝብ ከዋጠው በኋላ ነው ሐኪሞች እየጻፉ የነገሩ ስፋት የታወቀው። ከዚህ የከፋም አለ። ቫዮክስ የሚባል የሕመም ማስታገሻ በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጸድቆ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋን እንደሚጨምር ሲታወቅ በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። እዚያም ያጸደቀው መንግሥት ነበር።

እኔ ብሆን ንዴቴን የማዞረው ወደ እኛው ወደ ባለሙያዎቹ መስኮት ነው። መድኃኒት የምንሰጠው እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። 30 ፍሬ ከካርቶኑ ይወጣል፣ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ላይ «1×1» ይጻፍበታል። መግለጫው ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ቢሰጥም እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «የጎንዮሽ ጉዳቱን ብትነግሪው ፈርቶ ይተወዋል» ይሉኛል። ለእነሱ እናትሽን ነው የማሳያቸው። ማንም አልነገራቸውም፣ ግን ተዉት። «ምናልባት ደረቅ ሳል ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ አይደንግጡ፣ ኑ ይቀየርልዎታል» ቢባሉ ኖሮ ሽሮፑም አይገዛ፣ አንቲባዮቲኩም አይዋጥ ነበር። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሲቆም ግማሽ ደቂቃም እንደሚከብድ አልክድም።

ስለዚህ ቀጣዩን መድኃኒት ስትቀበሉ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ ምን ሊያመጣባቸው ይችላል? የትኛው ሲመጣ እንታገስ? የትኛው ሲመጣ እንሩጥ? የደረሰባቸውንም አስመዝግቡ። ጤና ተቋማት ለዚሁ የሚሞሉት ቢጫ ቅጽ አለ፤ ባለሙያውን «ሙሉልን» በይው። ራስሽም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 መደወል ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ጅማ መርካቶ የምሠራ ነጋዴ ነኝ። ለግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ሳውዲ ያለችው እህቴ ኖርቫስክ የሚባል ላከችልኝ። የውጭው ይሻላል ይሉኛል። ሁለቱንም ብውጥ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፣ ወንድሜ! ኖርቫስክ የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው ያው አምሎዲፒን ነው። ሁለቱንም ከዋጥክ መጠኑን ራስህ ጨመርክ ማለት ነው። ግፊትህ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ ስትነሳ ሊያዞርህ፣ እግርህ ሊያብጥ ይችላል። አንዱን ብቻ ውሰድ፣ የታዘዘልህን። እህትህ የላከችውን ከነካርቶኑ ለሐኪምህ ወይም ለፋርማሲስትህ አሳይ። ሚሊግራሙና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ካርቶኑ ላይ ስላለ እንዳትጥለው።