ጦርነቱ እንዲቆይ የሚያስመኝ ሥራ

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በድሬ ልማድ «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቺም አታክብሪኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ልጅቷ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቋሚ ሥራ አላገኘችም። በሩቅ አገሮች ጦርነት ሳቢያ የነዳጅ ችግር ከመጣ ወዲህ አጎቷ ቤንዚን ከማደያ እያስቀዳ በጀሪካንና በሃይላንድ ለባጃጅ ሾፌሮች ይሸጣል። «ሒሳቡንና የቴሌብሩን ገንዘብ ያዢልኝ፣ በወር 12 ሺህ ብር እሰጥሻለሁ» ብሏታል። በሌላ በኩል መጋላ አካባቢ የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚጠግን ጋራዥ ለ6 ወር ያለ ደመወዝ ተለማመጂ ይላታል። እናቷ ከአጎቷ ጎን ናት። የሰፈሯ ወጣቶች የሰላም ክበብ አባል ስለሆነች ደግሞ «ጦርነት ይቁም ብሎ ከመጮህ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ብላ ጠይቃለች።

እኔን የያዘኝ መሀል ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። አጎትሽ እራት ላይ «ጦርነቱ ትንሽ ከቆየልን የቤቱን ቆርቆሮ እንቀይራለን» አለ። ሁላችሁም አሜን አላችሁ።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ቤንዚን ሸጫለሁ። ከቀፊራ መውጫ ላይ ድንጋይ አስቀምጬ፣ ሦስት ሃይላንድ ደርድሬ፣ ጀሪካኑን ከእግሬ ሥር አድርጌ እውላለሁ። ፀሐይ ሲበረታ ፕላስቲኩ ያብጣል፤ ክዳኑን ላላ አድርጌ ማስተንፈስ ነበረብኝ። ሽታው እንጀራ ስቆርስ እንኳ ከጣቴ አይለቅም። ገንዘቡ ግን ጥሩ ነበር፣ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ማታ «ቦቴ ገባ» ተባለ። ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ ወደ ማደያው ሮጡ፣ እናቴ «ተመስገን» አለች። እኔ ከፋኝ። እንቅልፍም አልወሰደኝ። የሰፈሬ ሰው በተደሰተበት ሌሊት እኔ ያዘንኩት ጥሩ ሰው ስላልነበርኩ አልነበረም፤ እንጀራዬን ያስቀመጥኩት ሌላው በሚቸገርበት ቦታ ላይ ስለነበር ነው። በማግስቱ ጀሪካኑን ለወንድሜ ትቼ የተቃጠለ ሞተር በመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ባለሙያ ዘንድ ገባሁ።

አጎትሽ «እኛ አልተኮስን፣ ጦርነቱ ሩቅ ነው» ማለቱንም ጽፈሻል። ሩቅ ጦርነት የሚባል ነገር በነዳጅ ላይ የለም። በ1966 መስከረም መጨረሻ ላይ አረቦችና እስራኤል ተዋጉ፣ የአረብ ነዳጅ አምራቾች ሽያጭ አገዱ፣ የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። የካቲት ላይ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዮት አያትሽን ጠይቂ። በየካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ እዚህ ድሬ ናፍጣም ዘይትም ዳቦም ተወደደ። በሰላም ጊዜ ከዓለም ነዳጅ ከአምስት አንዱ ገደማ በኢራንና በኦማን መካከል ባለችው በሆርሙዝ ጠባብ ባሕር ያልፋል። እዚያ ሰው ሲታኮስ፣ እዚህ የባጃጅ ሾፌር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ በእግሩ እየገፋ ወረፋ ይይዛል። የዚያን ሾፌር የልጆች እራት ነው አጎትሽ የሚያተርፈው። ከማደያ ውጭ መሸጥ በሕግ ማስቀጣቱን አጎትሽም ያውቃል።

አሁን ስለ ጋራዡ። «ባጃጅ መፍታት ለኢንጂነር ውርደት አይደለም ወይ» ብለሻል። ወደዚያ ስትሄጂ ልታዪው የሚገባሽን ልንገርሽ። 60 ቮልት የሚባለው ባጃጅ ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት አምስት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ነው የሚሠራው። ሾፌሩ «ቶሎ ይደክምብኛል» ብሎ ይመጣል፤ ሁሉንም ቀይር የሚለው ባለሙያ ይበዛል። አንቺ ቴስተርሽን (የቮልት መለኪያሽን) አውጥተሽ እያንዳንዱን ለየብቻው ለኪ። አራቱ 12.7 ቮልት ካነበቡና አንዱ 10.5 ላይ ከቆመ፣ በዚያ ባትሪ ውስጥ ካሉት ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ ሞቷል፤ አንድ ሴል ሁለት ቮልት ያህል ነውና። አራቱን የሚጎትተው እሱ ነው። በዕድሜው ከሌሎቹ ጋር የሚቀራረብ አንድ ባትሪ ተክተሽ ሾፌሩን የአራት ባትሪ ዋጋ ታድኚዋለሽ። ይህን ሒሳብ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምረሽዋል፤ የጎደለሽ እጅሽ ነው።

ሥራው ደግሞ ያልቃል ብለሽ አትስጊ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከለው ከ2016 ጀምሮ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን አብዛኛው ከውኃ ነው፤ በ2017 ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ወደ ጅቡቲ መንገድ ስትወጪ አይሻ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹን ታያለሽ፣ እነሱም የ120 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት ናቸው። ያ ነፋስ በሆርሙዝ አያልፍም። ዴንማርክ በ1966ቱ ቀውስ ክፉኛ ተመትታ ወደ ነፋስ ዞረች፤ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ግማሹ በላይ ከነፋስ ነው። መብራት እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ እኔም ቤት ይጠፋል። ባትሪ ግን ሌሊት መብራት ሲመጣ ይሞላል፤ ቤንዚን ቤትሽ ድረስ አይመጣም። ሐረማያና አወዳይ ያሉ ገበሬዎች ጫትና አትክልት የሚያጠጡበትን የናፍጣ ፓምፕ በሶላር ሲቀይሩ ፓነሉን የሚያስርና የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ፤ ከጋራዡ በኋላ ወደዚያ ተመልከቺ።

እናትሽ «ልጄን ያስተማርኩት ለግሪስ ነው?» ትላለች። ይቅርታ ታድርግልኝና፣ ልጇን ያስተማረቻት በሌላ ሰው ጭንቀት ገንዘብ እንድትቆጥርም አይደለም። ቆርቆሮው ይቀየር፤ ዓመት ይዘግይ እንጂ ከእጅሽ ሥራ ይቀየር። ለስድስት ወር ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ጋራዡን የምሳና የትራንስፖርት ጠይቂ፣ ካልሰጡሽ ለሦስት ወር አሳጥሩልኝ በይ። ከሰዓት በኋላ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብና ፊዚክስ አስጠኚ፤ ከዚራና ሳቢያን የሚከፍል ወላጅ አይጠፋም። ከዚያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትነሽ ከሁለት ጓደኞች ጋር ፈቃድ አውጡ።

ያሰብሽው ማስተርስ ይቆይ። አዲስ አበባ መሄዱም ይቆይ። «የወንድ ሥራ ነው» የሚልሽ ባጃጁ ሲበላሽበት ይመጣል።

ስለ ሰላም ክበቡ፣ አትተዪው። ሰልፍና መፈክር ላይ ብቻ እንዳትቀሩ እንጂ። ማደያው ወረፋ ላይ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አደሬው አንድ ላይ ሌሊት ያድራሉ፤ ጠብ የሚነሳው «ቀድሞኝ ገባ» በሚል ነው። አምስት ልጆች ሆናችሁ ከሌሊቱ ጀምሮ ስም በዝርዝር ያዙ፣ ለአምቡላንስና ለታማሚ ቅድሚያ እንዲሰጥ ከማደያው ጋር ተስማሙ። ለሚታኮሱት አገሮችም ደብዳቤ ጻፉ፣ አልከለክላችሁም፤ መጀመሪያ ግን ወረፋው።

አንድ ነገር ዛሬ ማታ አድርጊ። ሁለቱ ጀሪካኖች እናትሽ ከሰል የምታቀጣጥልበት ክፍል ጥግ እንዳሉ ጽፈሻል። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አውጫቸው። ቅዳሜ ወደ ጋራዡ ስትሄጂ የራስሽን ቴስተር ይዘሽ ሂጂ፣ የትኛው ባትሪ 10.5 እንዳነበበም ጻፊልኝ።