ሽፋን እና ሰባት ገጽ፦ ፊደልን በዚን ማስተማር

እህቴ፣ «የ7 ዓመት ልጄን ቤት አስተምራለሁ፤ አማርኛ ጻፍ ስለው ይሸሻል። ዚን የምትባለው፣ ልጆች በእጃቸው የሚሠሯት ትንሽ መጽሔት እውነት ታስተምራለች ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ናት?» ብለሻል። ታስተምራለች! እኔም እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው፤ ለአማርኛ ከእሷ የተሻለ አላገኘሁም።

አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 8 ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ሽፋን ነው፤ የቀሩት 7ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ልክክ ይላሉ። ትንሿ ልጄ የ«በ»ን ስትሠራ በግ፣ ቡና፣ ቢራቢሮ፣ ባቡር፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ ሳለችና ከሥር ስማቸውን ጻፈች። የቢራቢሮው ክንፍ ገጹን ስለሞላው ቃሉ ዳር ላይ ተጣቦ ቀረ፤ ግን የራሷ ጽሕፈት ነው። ፊደል ገበታውን በዜማ የሚወርድ ልጅ «ቤ የቷ ናት?» ሲባል ይጠፋዋል። እዚህ ግን እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ገጽና ሥዕል አላት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀቱን በርዝመቱ ለሁለት፣ ከዚያ በወርዱ ሁለት ጊዜ እጠፊው። ሲዘረጋ 8 ሳጥን ይታያል። እንደገና በወርዱ አንዴ አጥፈሽ፣ ከታጠፈው በኩል በመሀል መስመሩ እስከ መጀመሪያው መጋጠሚያ ቁረጪ። ዘርግተሽ በርዝመቱ እጠፊና ሁለቱን ጫፎች ወደ መሀል ግፊያቸው፤ መጽሐፍ ይሆንልሻል። ሙጫ አያስፈልግም። መጀመሪያ ታጥፎ ገጹ ይቆጠር፣ ከዚያ ይጻፍ፤ ሲዘረጋ ግማሹ ተዘቅዝቆ ስለሚገኝ ልጁ ግራ ይጋባል። ጽሑፉ በሙሉ በአንድ ፊት ስለሆነ አንዴ ኮፒ ማድረግ ይበቃል። በጥቁር እስክሪብቶ ይጻፍ፤ ዳር ዳሩንም ባዶ ተዉት።

ዋናው ነገር ኮፒው ነው። ልጅ የሚያነብለት ሰው ካለ ይጽፋል። ትልቁ ልጄ ለአያቱ ስልክ ደውሎ የቡና ዚን ሠራ፦ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። «እማማ፣ ለቶና ሌላ ቡና አይጨመርም? ውሃ ብቻ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት። «መውቀጥ»ን ግን «መውከት» ብሎ ነበር የጻፈው። እዚህ ለሚያድጉ ልጆች «ቀ» እና «ከ»፣ «ጠ» እና «ተ» ይምታታሉ። በቀይ አላሰመርኩበትም። እናቴ ኮፒው ደርሷት በስልክ ስታነብለት ሰማና «ሁለተኛ እትም አወጣለሁ» ብሎ ራሱ አስተካከለው።

ሜሪላንድ ከሆንሽና የሚከታተልሽ ካውንቲው (የአካባቢው የትምህርት ቢሮ) ከሆነ፣ የልጁ ሥራ በዓመት እስከ 3 ጊዜ ይታያል። ዚኖቹን ከነቀናቸው ፖርትፎሊዮው (የልጁ ሥራ የሚሰበሰብበት ማኅደር) ውስጥ አስገቢ፤ የቡናዋ ዓይነት ለማኅበራዊ ጥናት፣ ሥዕሉ ለሥነ ጥበብ ማሳያ ይሆናል። በእንግሊዝኛ አጭር ማብራሪያ አያይዢበት። ሌላ ስቴት ደንቡ ይለያያል። ሒሳብን ግን በዚን ብቻ አልመክርም፤ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋን ፊደል እሱ ይምረጥ። «ጰ» እና «ዠ»ን ብቻ ለኋላ አቆዩአቸው፤ ለሰባቱም ቃል ማግኘት ያስቸግራል።