ፓፒንጎ ላይ ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ፦ ሐይቁ ወይስ ሸለቆው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ጁን መጀመሪያ ላይ ሦስት ሆናችሁ ከአቴንስ ሰሜን ምዕራብ ግሪክ ወዳለው የተራራ መንደር፣ ወደ ፓፒንጎ ልትሄዱ ነው። ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ። አንዷ ጓደኛሽ ተራራ ወጥታ አታውቅም። «የዘንዶ ሐይቁንም የቪኮስ ሸለቆንም በዚሁ ጉዞ መጨረስ እንችላለን? ከፍታውስ አያስቸግርም? አስጎብኚ ያስፈልጋል?» ነው ያልሽው። እኔ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ልክ አንቺ እንዳሰብሽው ነበር ያሰብኩት፤ ጉዱን ስለማውቀው ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከከፍታው ልጀምር። እሱን እርሺው። ሐይቁ 2,050 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። እናቴን በስልክ «ትልቅ ተራራ ወጣሁ» ብዬ ስነግራት «ታዲያ እንጦጦን ይበልጣል?» ብላኛለች። አይበልጥም። ጣጣው ሌላ ነው። መንገዱ የሚጀምረው ትንሹ ፓፒንጎ (ሚክሮ ፓፒንጎ ይሉታል) ከሚባለው መንደር ነው፤ ከፍታው ወደ 980 ሜትር። አስትራካ የሚባለው ተራራ ጥግ ያለው የተራራ ማረፊያ ቤት ደግሞ 1,950 ሜትር ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ዳገት ብቻ። ከዚያ ሐይቁ ቅርብ ይመስልሻል፤ ግን መጀመሪያ ወደ ሜዳው ትወርጃለሽ፣ ከዚያ እንደገና ትወጫለሽ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ስትመለሽም ያው ነው። ከዚያ ያንን 1,000 ሜትር ቁልቁል በጉልበትሽ ትወርጅዋለሽ።

ሰው ሁሉ ስለ ዳገቱ ይጠይቃል። ስለ ቁልቁለቱ የሚጠይቅ የለም።

እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። የመሮጫ ስኒከር አድርጌያለሁ። የእንግዳ ማረፊያው ቁርስ ጣፍጦን ስንበላ ስናወራ መንገድ የጀመርነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘናል። «በመንገዱ ላይ ምንጮች አሉ» ተብለን ነበር፤ እውነት ነው፣ አሉ። ግን የሄድነው ኦገስት ላይ ስለነበር ከላይ ያሉት እንደ ክር ቀጥነው ነበር። ሐይቁ ጋ የደረስነው 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ፎቶ ተነሳን፣ ጨፈርን። ከዚያ መውረድ ጀመርን። ማረፊያ ቤቱን ካለፍን በኋላ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ያዘ። አንደኛው ጓደኛዬ በመጨረሻ እየተቀመጠ በቂጡ ነበር የሚንሸራተተው፤ ሱሪው አለቀ። መንደሩ የገባነው በጨለማ፣ በስልክ መብራት ነው። ሁለት የእግሬ ጥፍሮች ጠቁረው በወሩ ወደቁ። የጫማው ጫፍ ቁልቁል ሲመታቸው ውሎ ነው። ማንንም አልወቅስም፤ የራሳችን ጥፋት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ተራራ ወጥታ የማታውቅ ሰው ይዛችሁ ሐይቁን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አታድርጉት። ማረፊያ ቤቱ እደሩ። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ፤ በተለይ ቅዳሜ ከሆነ። ትኩስ ምግብ አለ፣ የጋራ መኝታ አለ። ካሽ ያዙ። ቦርሳችሁን እዚያ ጥላችሁ ከሰዓት በኋላ ቀለል ብላችሁ ወደ ሐይቁ ትሄዳላችሁ። ሰማዩ ካላማረ ደግሞ በማግስቱ በጠዋት። በግሪክ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ከሰዓት መብረቅ የተለመደ ነው፤ ያ ሜዳ ላይ የሚያስጠልል አንድ ዛፍ እንኳ የለም። እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ውሃው አይነቃነቅም፤ ጫፉ ላይ ቆመሽ ወደ ሰሜን ስታዪ መሬቱ ድንገት ይቆረጣል፤ ከታች የአኦስ ወንዝ ሸለቆ ነው።

ስለ «ዘንዶው» እንዳትጠብቂ። አፈ ታሪኩ የዚህ ሐይቅ ዘንዶና የስሞሊካስ ተራራ ሐይቅ ዘንዶ ድንጋይ ይወራወሩ ነበር ይላል። እውነተኛው ነዋሪ ከጣት ብዙም የማይረዝም፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነ፣ እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ዳር ላይ ጎንበስ ካልሽ ታይዋለሽ። አትንኩት፣ ውሃው ውስጥም አትግቡ። የጸሐይ መከላከያ ክሬም የተቀባ ሰው ሲዋኝበት ለእነሱ ጥሩ አይደለም። መዋኘት ካማራችሁ በሁለቱ ፓፒንጎዎች (በትልቁና በትንሹ) መሃል፣ ከመኪና መንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ውሃ ድንጋዩን ፈልፍሎ የሠራቸው ገንዳዎች አሉ። የሮጎቮ ገንዳዎች ይባላሉ። የመጀመሪያው ቀን ከመኪና እንደወረዳችሁ እዚያ ሂዱ። የውሃው ቅዝቃዜ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ኋላ እንዳትሰድቢኝ።

አሁን ሸለቆው። ቪኮስን ጊነስ ከስፋቱ አንጻር የዓለም ጥልቅ ሸለቆ ብሎ መዝግቦታል። ሙሉው መንገድ ከሞኖዴንድሪ መንደር ተነስቶ በሸለቆው ወለል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወደ ቪኮስ መንደር ወይም ወደ ፓፒንጎ ይወጣል። ፓፒንጎ ድረስ ከሆነ ሰባት ሰዓት ያዙለት። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ አብዛኛው መንገድ በዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ፎቶ ላይ ያየሽውን ገደል ብዙ ጊዜ አታይውም፤ የምታይው ድንጋይ ነው፣ የእግርሽን ድንጋይ። ሁለተኛ፣ መኪናችሁ ሞኖዴንድሪ ይቀራል። በመኪና መንገድ ዞሮ መመለስ ሩቅ ነው፤ ታክሲ ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ማታ ላይ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

በሁለት ሌሊት ሁለቱንም አትችሉም። ትችላላችሁ የሚል ሰው ወይ ሯጭ ነው፣ ወይ አልሄደበትም። ሐይቁን ምረጡ። ሸለቆውን ከላይ ለማየት ስትመለሱ በመኪና ሞኖዴንድሪን አልፋችሁ ኦክሲያ የሚባለው ቦታ ቁሙ። ከመኪናው ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው፤ እሱ ነው ፎቶው። ጓደኛሽ «እኔ ሐይቁ ይቅርብኝ» ካለች ደግሞ ከፓፒንጎ ወደ ቮይዶማቲስ ወንዝ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ ትሂድ። ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ውሃው ከድንጋይ ስር ፈልቆ እዚያው ወንዝ ይሆናል፣ ቀለሙ ሰማያዊ አረንጓዴ። ዳገቱ በመመለሻ መሆኑን ግን ንገሪያት።

አስጎብኚ? በጋ ላይ አያስፈልግም። ወደ ማረፊያ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ኦ3 የሚል ምልክት አለው፣ በደንብ ተረግጧል። ግን ጁን መጀመሪያ ላይ ከማረፊያ ቤቱ አካባቢ የበረዶ ቁራጭ ሊቀር ይችላል። ስትደውሉ ጠይቋቸው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። ችግር ከመጣ 112 ነው።

ውሾቹ። በጋ ላይ እረኞች በጎቻቸውን እዚያ ያሰማራሉ፤ ውሾቻቸው ትልልቅ ናቸው፣ ሥራቸውንም ያውቃሉ። መንጋ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። አትሩጡ። በበጎቹና በውሾቹ መሃል አትግቡ። እረኛውን ጮክ ብላችሁ ሰላም በሉት፤ እሱ ይጠራቸዋል።

የምትጾሙ ከሆነ፣ ጉዟችሁ ከሐዋርያት ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል። አትጨነቁ። እነሱም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ «ኒስቲሲሞ» (የጾም ምግብ) ስትዪ ወዲያው ይገባቸዋል። የአካባቢው ፒታ (ውስጡ ተሞልቶ የሚጋገር ሊጥ) ዝነኛ ነው፣ ግን ብዙው አይብና እንቁላል አለበት፤ ጠይቀሽ ብዪ። የጎመን ቅጠሉ፣ የባቄላ ሾርባው፣ የተራራ ሻዩ አለ። ማረፊያ ቤቱ ግን ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ዳቦና ለውዝ ያዙ። ይህንን ከኢዮአኒና ከተማ ግዙ፤ መንደሩ ውስጥ ሱቅ እንደ ልብ አይደለም።

አንድ የረሳሁት፦ የመንደሩ መንገድ በሙሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ከዘነበ እንደ ሳሙና ነው። ጫማችሁ የሚይዝ ይሁን፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ሁለት ሦስት ሳምንት አድርጉት። ለቁልቁለቱ ዱላ የግድ ነው። እኔ ሁለት ጥንድ አለኝ፤ አቴንስ ውስጥ ኪፕሴሊ ሰፈር ነው የምኖረው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂ። ብቻ አንደኛው ዱላ መቆለፊያው ይላላል፣ ጠበቅ አድርጋችሁ አዙሩት።