ከወንበር ጋር የተለማመደችው ልጅ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ቀን ቀን አጎቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ትወና የጀመርኩት ተማሪ እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ ነው። መጀመሪያ ዜና አነብ ነበር። ከዚያ በወላጆች ቀን አጭር ጭውውት ሠራንና ሰው ሲስቅ ሰማሁ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ደሴ ካለ አማተር የቴአትር ክበብ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ አለን። ሱቅ ዘግቼ በቲሸርት ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ሐረጎ አቀበት ላይ ጉሙ ሲቀበለኝ ጃኬቴን እደርባለሁ። ማታ መኪና ካጣሁ እዚያው ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ። አምና ከክበባችን ሦስት ልጆች ለራዲዮ ድራማ ተጠራን። የመጀመሪያ ቀን ወረቀት ስገልጥ ኮሽታው እየገባ ቴክኒሻኑ አራት ጊዜ አስቆመኝ። አሁን በጫፉ ይዤ ድምፅ ሳላሰማ እገልጠዋለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ፊልም መጣ። ሐይቅ ዳር በሚቀረጽ ፊልም ላይ ትንሽ ቦታ ሰጡኝ። ከንጋት እስከ ማታ ቆሜ የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ስል ዳይሬክተሩ «ሐይቁን አሻግረህ ማንን ነው የምትጣራው? ሰውዬው እኮ አጠገብህ ነው» አለኝ። አፈርኩ። ግን በኋላ የወደዱኝ መሰለኝ፤ ለቀጣዩ ሥራ ትልቅ ቦታ እንሰጥሃለን ብለውኛል።

ከእነሱ ጋር ስል አራት ልምምድ ቀረሁ። አልደወልኩም። መድረክ የምንወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እህቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ እኔ በሌለሁበት ከባዶ ወንበር ጋር ስትለማመድ ነበር አሉኝ። አዘጋጃችን «ወይ ቴአትሩን ወይ ፊልሙን ምረጥ» ብሎኛል። እማዬ ደግሞ «ሁለቱንም ተውና ሱቅህን ያዝ» ትላለች። ይህ ዕድል ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። ምን ይሉኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ

*

አብሽር የኔ ወንድም። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም እዚያች ወንበር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እኔም በልጅነቴ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ከባዶ ጋር መለማመድ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ቃልህን ትወረውራለህ፣ የሚቀበልህ የለም። ፊቱን አይተህ የምትቆጣው፣ ዝም ሲል የምትደነግጥለት ሰው የለም። ገደል ማሚቶ እንደሚያናግር ሰው የራስህን ድምፅ ብቻ ትሰማለህ። ያቺ ልጅ አራት ቀን ይህን ስታደርግ ከረመች፤ ጥላ አልሄደችም። ስለዚህ ወደ ምርጫው ከመሄዳችን በፊት ይቅርታ አለብህ። በቴሌግራም እንዳታደርገው። መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለአዘጋጁ፣ ከዚያ በሁሉም ፊት።

ይህን ቴአትር ደግሞ ጨርሰው። ሦስት ሳምንት ነው የቀረህ። ለፊልም ሠሪዎቹ ዛሬውኑ ደውልላቸውና የተያዙብህን ቀኖች ንገራቸው። ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ የመጨረሻው ትዕይንት መጀመሪያ ሊነሳ፣ የአንተ ክፍል ሳምንት ሊገፋ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። መጋረጃው የሚከፈትበት ቀን ግን አንድ ነው፤ ያን ቀን አንተ ከሌለህ ሰው ትኬቱን ይዞ ይመለሳል።

«እንሰጥሃለን» ስላሉህ ነገርም ልጠይቅህ። ስክሪፕቱን አይተሃል? የቀረጻው ቀን፣ ክፍያህ፣ የትራንስፖርትህ ነገር በወረቀት ሰፍሯል? ደብዳቤህ ውስጥ ይህ የለም። ውል ሳትፈርም የአጎትህን ሱቅ እንዳትለቅ። ወደፊትም «ቦታ እንድሰጥህ ይህን ያህል ክፈል» የሚልህ ሰው ቢገጥምህ ትተኸው ና፤ ተዋናይ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም።

አዘጋጅህ «ምረጥ» ያለህ ተናዶ ነው፤ ደግሞ እውነቱን ነው። ለአንድ ወጣት ግን ፊልም ጋ ዝር እንዳትል ማለት ልክ አይመስለኝም። ቃልህን ስትጠብቅ ሲያይ እሱም ይለዝባል። የሚቀጥለውን ቀረጻ አስቀድመህ ንገረውና አብራችሁ ቀን ቁረጡ።

ሐይቅ ዳር የሆነው አያሳፍርህ። ከመድረክ የመጣ ልጅ ሁሉ ያልፍበታል። መድረክ ላይ መጨረሻ ረድፍ የተቀመጡት እናት እንዲሰሙህ ነው የለመድከው። ካሜራው ግን ቅንድብህን ሳይቀር ያያል፤ በአፍህ ሳትናገረው ዓይንህ ከተናገረው ይበቃዋል። ማይክራፎን ደግሞ ሌላ ነው፤ አንተም በወረቀቱ ኮሽታ አይተኸዋል። ወጋየሁ ንጋቱ የብሔራዊ ቴአትር የመድረክ ሰው ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በራዲዮ ሲተርክ ፊቱን ያየ የለም፤ ሰሚው ግን ጉዱ ካሳን በዓይኑ ያየው ያህል ነበር። እኔ ያ ድምፅ መድረክ ላይ የተገራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንዱን ለአንዱ ስትል አትጣለው፤ ሦስቱም ይመጋገባሉ። ወዴት ስትናገር ማን እንደሚሰማህ ብቻ ለይ።

እናትህን ተቀምጠህ አነጋግራት። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች በወጡበት አገር ያደገች እናት ጥበብን ትጠላለች ብዬ አላምንም። ምናልባት የምትፈራው ልጇ በጨለማ ሐረጎን ሲወርድ ነው። የምታድርበትን ጓደኛህን ስልክ ስጣት። የልምምድ ቀኖችህን በወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍላት። ለመጀመሪያው ምሽትም ይዘሃት ውጣ፤ ጋቢዋን ትያዝ፣ ደሴ ይበርዳታል።

በሚቀጥለው ልምምድ ቀን አጎትህን አስፈቅደህ ሱቁን ቀደም ብለህ ዝጋ። አዳራሹ ሳይከፈት እዚያ ድረስ። ልጅቷ ስትገባ ወንበሩን አንሳና ቦታህ ላይ ቁም።

እትዬ