የኩራዙ ዓረፍተ ነገር

ልጆቼ፣

በቀደም አንዲት የቢቸና ልጅ «ጋሼ፣ ጌቭ አፕ ላይ ክዊክሊን የት ላስገባት?» ብላ እንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ጌቭ አፕ ተስፋ ቆረጠ ነው፣ ክዊክሊ ደግሞ ቶሎ። መልሱ አጭር ነው፣ እመጣበታለሁ። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ደብረ ማርቆስ ስንማር ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ አብሮን ነበር። ዋሸራ ቅኔ ሲማር ቆይቶ ነው አስኳላ የገባው። በዕድሜ ይበልጠናል። የግዕዝ ግስ ሲገስስ ለጉድ ነው። ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ስንቅ ከገጠር ይላክልናል፤ የእሱ እናት ድርቆሽ እስካሁን አፌ ላይ አለ። የምናነበው በኩራዝ ነው።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህሩ የኃላፊ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ አስወጣው። «ሂ ብሉ ዘ ላምፕ አውት» ብሎ ጻፈ። ኩራዙን እፍ ብሎ አጠፋ ማለቱ ነው። ጮክ ብሎ «ብሉ» ሲል ከኋላ አንዱ «እንብላ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቀም። ሰረዘበትና «ሂ ብሉ አውት ዘ ላምፕ» ብሎ ጻፈ።

«የኔታ» አለ ልጁ። አስኳላም ገብቶ መምህር ሁሉ የኔታ ነው ለእሱ። «ብሉ ኢት አውት ይባል የለም? ኢት መሃል ከገባ ላምፕ ምን አገደው?»

«ከመጽሐፉ ልትበልጥ ነው? ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እጁን አውጥቶ አያውቅም። በዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሄደ።

ልክ እንደነበር ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። እንደ ብሉ አውት ባለው ግስ ተሳቢው ስም ሲሆን መሃልም መጨረሻም ይሆናል። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መሃል ብቻ ነው። ብሉ አውት ኢት አይባልም። ያኔ ይህን አውቆ የሚመሰክርለት አንድ ሰው ጠፋ።

ሰሌዳው ላይ የጻፈ ዕለት ማታ ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ቁጭ አለ፣ ቁጭ ይላል። ቁጭ ንቅንቅ አይልም፤ የሚለዋወጠው አለ ነው።» እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ጊቭ ጌቭ ይሆናል፣ አፕ ግን አፕ ነው። የቢቸናዋ ልጅ መልስም እዚሁ አለ። ቀስ ብሎ ቁጭ አለ እንላለን እንጂ ቁጭ ቀስ ብሎ አለ የሚል የለም። ስለዚህ ሂ ክዊክሊ ጌቭ አፕ፣ ወይም ሂ ጌቭ አፕ ክዊክሊ። መሃል አትክተቻት።

እናንተ ደግሞ የፍሬዛል ቨርብ፣ ማለት እንደ ጌቭ አፕ ያሉ ጥንድ ግሶች፣ ዝርዝር ከቴሌግራም ታወርዳላችሁ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ አታዩትም። ሽምደዳ አልወድም። እውነቱን ለመናገር እኛም ብናገኝ እናወርድ ነበር።

አንዳንዱ ግን ካልተሸመደደ አይሆንም። ተንከባከበችው ለማለት ሺ ሉክድ አፍተር ሂም ይባላል፤ ሂም መሃል አይገባም። ሉክድ አት (ተመለከተ) ላይ ደግሞ እንደ ክዊክሊ ያለ ተውሳከ ግስ መሃል ቢገባ ችግር የለውም፤ ደብዳቤውን በጥንቃቄ ተመለከተ ለማለት ሂ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ሌተር ትላላችሁ። የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ግሱን አይታችሁ አትለዩም። ጥሩ መዝገበ ቃላት ግን ይለይላችኋል፤ ብሎው ሰምቲንግ አውት ብሎ ከጻፈ ተሳቢው መሃል ይገባል፣ ሉክ አፍተር ሰምባዲ ካለ አይገባም። ሞባይላችሁ ላይ በነጻ የሚጫን አለ።