ለብቻው ኬክ አትሥሪለት

እህቴ፣ የልጅሽን ልደት ቅዳሜ ልታከብሪ እንደሆነ፣ ከሚመጡት ልጆች አንዱ የወተት አለርጂ እንዳለበትና ጣፋጩ ላይ ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። የእኔም ልጅ የወተት አለርጂ አለበት፣ ዘንድሮ 9 ዓመቱን ይዟል። ልደት በተጠራን ቁጥር ምሳ ዕቃ ሸክፋ የምትመጣዋ እናት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የማልወደውን ልንገርሽ። ለሁሉም ትልቅ ባለክሬም ኬክ ይቀርባል፣ ለእሱ ደግሞ በትንሽ ሳህን ሌላ ነገር። በቅንነት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ግን ሻማው ጠፍቶ ኬኩ ሲቆረስ የልጄ ዓይን የት እንደሚያርፍ አይቻለሁ። ደግሞ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ክሬሙ ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ 20 ልጅ በክሬም እጁ ብርጭቆውን፣ ፊኛውን፣ ወንበሩን ሁሉ ይነካካል፣ አንዱ ደግሞ "ቅመስ እስቲ" ብሎ ከራሱ ሳህን ያካፍለዋል። ስለዚህ ዋናውን ኬክ ራሱን ወተት የሌለበት አድርጊው። ሁሉም ከአንድ ኬክ ይብላ። ካልነገርሻቸው ማንም አያውቅም።

ከመጋገርሽ በፊት ግን እናቱ ጋ ደውዪ። አለርጂ ነው ወይስ ላክቶስ ነው የማይስማማው? ሰው ሁለቱን ይደባልቃል። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። እሱ የማይፈጭለት ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይጨነቃል፣ ግን ያልፍለታል። አለርጂ ሌላ ነው፤ ሰውነቱ የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ያስመልሳል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያጥራል። ለዚህ ነው "ላክቶስ የሌለው" የሚል ወተት ለአለርጂ ልጅ የማይሆነው፣ ስኳሩ ተፈጨ እንጂ ፕሮቲኑ እንዳለ አለ። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይደለም፣ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ሌላ የማይበላው ነገር ካለም ጠይቂ። እንቁላል፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተር። ይህን ሳታጣሪ ወተቱን በአልሞንድ ወተት ልተካ ብትይ ከአንዱ ጣጣ ወጥተሽ ሌላ ውስጥ ትገቢያለሽ። (በነገራችን ላይ እንቁላል ከወተት ተዋጽኦ አይቆጠርም። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ይሁን እንጃ፣ ስንቱ ሰው እንቁላል ይበላል ወይ ብሎ እንደጠየቀኝ!) መድኃኒቱንም አትርሺ። የአድሬናሊን መርፌ የታዘዘለት ልጅ ከሆነ ይዞት ይምጣ፣ የት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚወጋ አንቺም እወቂ። የአለርጂ ሽሮፕ የመርፌውን ቦታ አይተካም። ትንፋሽ ካጠረው መርፌው ይሰጠውና ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ።

እሺ፣ ወደ ኬኩ። የእኔ ምክር፣ ቅቤና ክሬም የሚል ኬክ ይዘሽ በምትክ አትታገዪ። ከመነሻው ወተት የሌለበትን ምረጪ። ዓመት በዓመት የምሠራው ይኸ ነው፤ 1 ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ደረቁን ካደባለቅሽ በኋላ 1 ኩባያ ውሃ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ጨምሪ። አቼቶ ስልሽ አትደንግጪ። ከሶዳው ጋር ተገናኝቶ ኬኩን የሚያስነሳው እሱ ነው፣ ሲበስል ሽታው አይታወቅም። ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን ተዪና ቶሎ ኦቨን ውስጥ ክተቺው፣ ስልክ ላነሳ ካልሽ አረፋው አልቆ ኬኩ ይተኛብሻል። በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። እንቁላልም የለውም። ልኩ ለ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ነው። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ ሁለቴ ሥሪ እንጂ እጥፍ አድርገሽ ጥልቅ መጋገሪያ ላይ አትድፊው፣ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ሊጥ ይሆናል። ሆኖብኛል።

ላዩን ለመቀባት ቀላሉ የዱቄት ስኳርና ኮኮዋ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሽቶ ማፍሰስ ነው። ክሬም ካማረሽ የኮኮናት ወተት ይሆናል፣ ቅባቱ ያልተቀነሰውን የጣሳ። ሌሊቱን ፍሪጅ ይደር፣ ስትከፍቺው አትነቅንቂው፣ ላዩ ላይ የረጋውን ብቻ ጨልፈሽ ከዱቄት ስኳር ጋር ምቺው። ሙቀት አይወድም፣ እስኪቀርብ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። በዱቄት መልክ ከሚሸጠው የኮኮናት ወተት ግን ተጠንቀቂ፣ አንዳንዱ ኬዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን አለበት።

ኬዚኔት ካልኩ አይቀር፣ ማሸጊያ ላይ "ወተት" የሚለውን ብቻ አትፈልጊ። ኬዚን፣ ኬዚኔት፣ ዌይ (አጓት ማለት ነው)፣ የወተት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ንጥር ቅቤም ጭምር። ማርጋሪን ሁሉ ከወተት ነጻ አይደለም። የቡና ክሬም የሚባለው ዱቄት ላይ "ወተት አልባ" ተጽፎ ከጀርባው ኬዚኔት አንብቤ አውቃለሁ። በጣም የሚያታልለው ግን ጥቁር ቸኮሌት ነው። ዝርዝሩ ላይ ወተት ባይኖርም የወተት ቸኮሌት በሚመረትበት ማሽን ላይ ስለሚያልፍ ሊነካካ ይችላል። ኮኮዋ ዱቄት የምወደው ለዚህ ነው፣ እሱንም ቢሆን አነባለሁ።

አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለሽ። አንዲት ዘመዳችን ለልጄ ብላ ሁሉን አንብባ፣ በዘይት ሠርታ፣ ደክማ ጠበቀችን። ሁለት ጉርሻ እንደበላ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ለካ መጋገሪያውን እንደ ልማዷ ቅቤ ቀብታዋለች። እጇ ለምዶት ነው እንጂ አስባበት አይደለም። ደግነቱ ከሽፍታ አላለፈም፣ እሷ ግን ከእኔ ብሳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለጋባዥ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ዕቃውን በሳሙና እጠቢ፣ የእንጨት ማንኪያና ወንፊት አዲስ ተጠቀሚ፣ ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ባለወተት ነገር አትሥሪ። ልጆቹም እጃቸውን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ የእጅ አልኮል ፕሮቲኑን አያነሳውም።

ሌሎች ጣፋጮችም አሉ። ከፍራፍሬ፣ ከስኳርና ከውሃ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሶርቤት፣ እንቁላል ከቻለ ሜሪንግ (የእንቁላል ነጩ ከስኳር ጋር ተመትቶ የሚጋገር)፣ ፍራፍሬ በእንጨት ተሰክቶ። ለልጆች ይበቃል፣ ብዙ አታብዢው።

የተጠቀምሽባቸውን ማሸጊያዎች አትጣዪ፣ ፎቶ አንስተሽ ለእናቱ ላኪላት። ያን ሁሉ አድርገሽም ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከመጣች አትቀየሚያት። እኔም ምንም ያህል ባምን ይዤ ነው የምሄደው፣ ደስ የሚለኝ ቀን ሳልከፍተው ስመለስ ነው። የኮኮናቱን ጣሳ ግን አርብ ማታ ፍሪጅ አስገቢ፣ ጠዋት ትዝ ቢልሽ አይረጋም።