ንፋሱን ወደ ማግኔቲክ ልቀይረው ወይስ ልተወው? ለጠየቅሽው መልስ

ሰላም እህቴ። ለክሮስ ካንትሪ (ከከተማ ወደ ከተማ) በረራ ናቭሎግ፣ ማለትም የበረራ ዕቅድ ሰንጠረዥ ስትሞዪ፣ የትንበያውን ንፋስ ኢ6ቢው (የአብራሪዎች ማስያ) ላይ ከማስገባትሽ በፊት ወደ ማግኔቲክ፣ ማለትም ኮምፓስ ከሚያሳየው ሰሜን ወደሚለካ አቅጣጫ መቀየር አለብሽ ወይስ የለብሽም ብለሽ ጠይቀሻል። አንዱ ኢንስትራክተር ቀይሪው፣ ሌላው ተዪው እንዳሉሽም ጽፈሻል። ልክ የሆነው ተዪው ያለሽ ነው። የት እንደምትማሪ አልጠቀስሽም፤ እኔ ሲያትል አካባቢ ስለተማርኩ በዚያው ላስረዳሽ። በዚህች ነገር ገንዘቤም ልቤም ስለተቃጠለ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

1. የዊንድስ አሎፍት (የከፍታ ንፋስ) ትንበያ፣ ሜታር (የአየር ማረፊያ የወቅቱ አየር ሁኔታ ዘገባ) እና ታፍ (የአየር ማረፊያ ትንበያ) ላይ ተጽፎ የምታገኚው ንፋስ በሙሉ በትሩ ነው፣ ማለትም የሚለካው ከእውነተኛው ሰሜን ነው። ቻርት (የበረራ ካርታ) ላይ በፕሎተር (ማዕዘን መለኪያ ማስመሪያ) የምትለኪው ኮርስም፣ ማለትም ልትከተዪው ያሰብሽው መስመር፣ ትሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንዳሉ አስገቢና ትሩ ሄዲንግሽን፣ ማለትም የአውሮፕላኑ አፍንጫ የሚያመለክተውን አቅጣጫ፣ አውጪ። ቫሪዬሽን (በእውነተኛው ሰሜንና በማግኔቲክ ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት) የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲያትል ወደ 15 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ምሥራቅ ይቀነሳል፣ ምዕራብ ይደመራል። ዋሽንግተን ዲሲ ከሆንሽ ወደ 11 ምዕራብ ስለሆነ ትደምሪያለሽ። ከሲያትል እስከ ዲሲ የ26 ዲግሪ ልዩነት ባለበት አገር ትንበያው በማግኔቲክ ቢወጣ ምን ያህል እንደሚያደናግር አስቢው። አገር ቤት የተማረ ሰው ደግሞ «ግድ የለሽም፣ ልዩነቱ አይታወቅም» ቢልሽ አትፍረጂበት። አዲስ አበባ ላይ ቫሪዬሽኑ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እሱ የሚያውቀውን ነው የነገረሽ። እዚህ ግን አይሠራም።

2. ጉዳት የሚያመጣው መቀላቀል ነው። ሁለቱንም ወደ ማግኔቲክ ቀይረሽ ብትሠሪ መልሱ ያው ነው፣ ድካሙ ብቻ ይጨምራል። አንዱን ቀይረሽ ሌላውን ከተውሽ ግን አለቀ። እኔን ያስለቀሰኝም ይኸው ነው። ስቴጅ ቼክ (የየደረጃው ፈተና) ላይ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ ኢንስትራክተር ናቭሎጌን አየና «ኮርሱን መጀመሪያ ወደ ማግኔቲክ ቀይር፣ ንፋሱን እንዳለ አስገባ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱ ከተለያየ ሰሜን ይለካሉ ብዬ በትህትና ላስረዳው ሞከርኩ። ወረቀቱን በእርሳሱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝና አላለፍክም አለ። የአውሮፕላኑንም የእሱንም ሰዓት ድጋሚ ክፈል ተባልኩ። ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ካልተመቸህ ሌላ ትምህርት ቤት ሞልቷል» አለችኝ። ያን ገንዘብ ሌሊት መኪና እየነዳሁ ያገኘሁት ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ሠራሁት፤ አንቺም ሥሪው። ከፖርትላንድ ወደ ሲያትል ቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ኮርስሽ 360 ይሁን። ንፋሱ ከ360 በ30 ኖት (በሰዓት 30 ኖቲካል ማይል)፣ የአውሮፕላንሽ ትሩ ኤርስፒድ (አየሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት) 100 ኖት። ንፋሱ ልክ ከፊት ለፊት ስለሆነ ማስተካከያ የለውም፤ 15 ቀንሺ፣ ማግኔቲክ ሄዲንግሽ 345 ነው። በእሱ መንገድ ግን ኮርሱ 345 ሆኖ ንፋሱ 360 ሲቀር፣ ኢ6ቢው ንፋሱ ከቀኝ የመጣ ይመስለውና 4 ዲግሪ ተኩል ወደ ቀኝ አዙሪ ይልሻል። አየር ላይ የሌለ የጎን ንፋስ ነው የምታስተካክዪው። የአውሮፕላንሽ አፍንጫ ዞሮ የፊቱ ንፋስ ፍጥነትሽን ወደ 70 ሲያወርደው፣ መሬት ላይ ያለው መንገድሽ ከ6 ዲግሪ በላይ ይስታል። በ100 ኖቲካል ማይል 11 ማይል ያህል ማለት ነው። ያውም ወደ ቀኝ፣ 4,392 ሜትር የሚረዝመው የሬኒየር ተራራ ወዳለበት ወገን። ደመና ባለበት ቀን ይህ ቀልድ አይደለም።

ይህን ስሌትና ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ለፓይለቶች ያወጣውን የእጅ መጽሐፍ የናቪጌሽን ምዕራፍ ይዤ ተመለስኩ። ቅደም ተከተሉ እዚያ በግልጽ ተቀምጧል፦ ትሩ ኮርስ፣ የንፋስ ማስተካከያ፣ ትሩ ሄዲንግ፣ ቫሪዬሽን፣ ማግኔቲክ ሄዲንግ፣ ከዚያ ዴቪዬሽን (የአውሮፕላኑ የራሱ ኮምፓስ ስህተት)። አንብቦ ዝም አለ። ይቅርታም ገንዘብም አልመለሰልኝም። ስቴጅ ቼኩን ከሌላ ኢንስትራክተር ጋር በዚያው ናቭሎግ አለፍኩ፤ በኋላም ቼክራይድ (የመጨረሻው የፈቃድ ፈተና) ላይ ኤግዛሚነሩ በዚያው መንገድ የሠራሁትን አይቶ አንድም ቃል አላረመኝም። ስለዚህ አንቺም የሚያዋክብሽ ካለ ምዕራፉን ከፍተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም።

3. ለማረፊያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የራንዌይ (የማኮብኮቢያ) ቁጥር ማግኔቲክ ነው፤ ለዚህም ነው ሲያትል የሚገኘው ቦይንግ ፊልድ በ2017 ራንዌዩን ከ13/31 ወደ 14/32 የቀየረው፣ ማግኔቲክ ሰሜን ስለሚንቀሳቀስ። ታወር የሚነግርሽና ኤቲስ (በሬዲዮ የሚሰማው የተቀዳ የአየር ማረፊያ መረጃ) ላይ የምትሰሚው ንፋስም ማግኔቲክ ስለሆነ በቀጥታ ከራንዌዩ ጋር አነጻጽሪው። ቤትሽ ሆነሽ ከሜታር ላይ ክሮስዊንድ (የጎን ንፋስ) ስታሰዪ ግን መቀየር ግድ ነው። ለምሳሌ ሬንተን፣ ራንዌይ 16 (ማግኔቲክ 160) ላይ ልታርፊ ነው፤ ሜታሩ ከ110 በ18 ኖት ይላል። ሳትቀይሪ ካሰላሽው ክሮስዊንዱ ወደ 14 ኖት ይመጣና፣ ለሴስና 172 (ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን) ከተጻፈው 15 ኖት ክሮስዊንድ በታች ነው ብለሽ ትነሻለሽ። ቀይረሽ 095 ስታደርጊው ከ16 በላይ ነው። እኔ ብሆን ያን ቀን አልነሳም።

ፎርፍላይት (የታብሌት የበረራ ዕቅድ መተግበሪያ) ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እውነት ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ኤግዛሚነሩ ግን ታብሌቱን ዝጊና ይህ ሄዲንግ ከየት መጣ ሊልሽ ይችላል።

ናቭሎግሽን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ። የነዳጁን ዓምድ ተዪው፣ ኮርሱ፣ ንፋሱና ቫሪዬሽኑ የሚታይበት ይበቃኛል። ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።